የእባቡ ምላስ ቀለም

እባብ ምላሱን ብቅ ጥልቅ ሲያደርግ የምላሱን ቀለም ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ጤነኛ ሰው እባብ ሲያይ የሚፈልገው በሩን ነው እንጂ ምላስ አይመረምርም።

ዛሬ ግን አውቃለሁ። ወድጄ አይደለም ያወቅኩት። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ነው የኖርኩት፤ አሁን ደግሞ እንደ ሁሉም ሰው በስልክ አፕ ድራይቭ አደርጋለሁ። ከእባብ ጋር ምን ያገናኘኛል? ምንም። ሁለት ወዳጆቼ በእባብ ተጣሉና እኔን ሽማግሌ አደረጉኝ፤ በዚያው ተማርኩ። ሰው በሚስት ይጣላል፣ በርስት ይጣላል፤ በፖለቲካማ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ በየቀኑ ነው። እባቡ የየትኛው ዘር ነው በሚል ተኳርፎ ሽማግሌ የተቀመጠለት ሰው ግን ከእነዚህ ሁለቱ በቀር ካለ ንገሩኝ።

አንደኛው ጋሼ ታደሰ ናቸው። ሆሊውድ ፓርኪንግ ሲሠሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ሚድ ሲቲ ከፒኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከሞቱ በኋላ ቤቱ ጭር አለባቸው። ሴት ልጃቸው ቴክሳስ ነች፤ ሲመቻት ትደውላለች። ጋሼ ታደሰ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ሲያዩ ነበር የሚውሉት። ለምን ድምፁን አይከፍቱትም ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሰው ሲያወራ መልስ የሚጠብቅ ይመስለኛል አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው ወርቁ ነው። ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ምግብ አብሳይ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ያላገባ፣ ዝምተኛ ሰው። ዌስት አዳምስ ከአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ክፍሉ ውስጥ በመስታወት ሣጥን እባብ ያረባል። አዎ፣ ያረባል። እንዴት ጀመርከው ሲሉት፣ እባብ አይጮህም፣ ወሬ አያመላልስም፣ ከዚህ በላይ ከጓደኛ ምን ይፈለጋል ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለ እሱ ያልተወራ ነገር የለም። እባቡን ያመልከዋል ያሉም አሉ። እሱ ይሰማል፣ ዝም ይላል።

እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተዋደዱ? እትዬ አልማዝ ታመው በነበረ ጊዜ ወርቁ ከሥራ ሲወጣ ሾርባ ያደርስላቸው ነበር። ማንም አላዘዘውም። ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየሥራው ሲበተን እሱ መምጣቱን አልተወም። በየሳምንቱ በእረፍት ቀኑ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ብዙም ሳያወራ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከእርሳስ ብዙ የማይወፍር የእባብ ጫጩት ይዞላቸው መጣ።

ጋሼ ታደሰ አማተቡ።

"ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ይኑርዎት ብዬ ነው" አላቸው።

እኔ እንኳን እሳቸውን ብሆን ሁለቱንም ከነዕቃቸው በረንዳ ላይ ነበር የማስቀምጣቸው። እሳቸው ግን ትንሽ ቆይተው፣ ምን ይበላል ብለው ጠየቁ። ምን ይበላል ብሎ የጠየቀ ሰው ደግሞ አለቀለት ማለት ነው።

የሚበላው አይጥ ነው። ዘሩም በእንግሊዝኛ ራት ስኔክ፣ አይጥ በል እባብ እንደ ማለት፣ ይባላል፤ መርዝ የለውም። ከእንስሳት ሱቅ በረዶ የሆነ አይጥ ይገዛሉ፤ ለብ ባለ ውሃ አቅልጠው ይሰጡታል። ጋሼ ታደሰ አይጦቹን ፍሪዘራቸው ውስጥ ከሥጋው አጠገብ ደርድረው ማስቀመጥ ጀመሩ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ቤት ጥብስ ሲቀርብልኝ ጾም ነኝ እላለሁ።

አሁን ወደ ምላሱ እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። ራት ስኔክ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ንዑስ ዝርያ አለው። ከእነሱ ውስጥ ፍሎሪዳ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት አሉ። አንዱ ቢጫ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጭራው አራት ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል፣ ምላሱ ጥቁር ነው። ሌላው ብርቱካን ነው፤ መስመሩ ደብዘዝ ያለ፣ ምላሱ ቀይ። ታዲያ ይህን ለመለየት ምን ችግር አለ? ችግሩ ጫጩት ሳሉ ሁለቱም ግራጫ መሆናቸው ነው። ግራጫ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ። አንዱን ካንዱ መለየት ይቸግራል። ቀለማቸው የሚወጣው አድገው ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የምታሳድገው ምን እንደሆነ ሰጪውን ማመን ነው።

ወርቁ የሰጣቸው ከራሱ እባቦች ዕንቁላል የተፈለፈለ ነበር። እናትም አባትም ቢጫ። እሱ ያላቸው ይህንኑ ነው፤ ያመነውም ይህንኑ ነው።

ጋሼ ታደሰ ጫጩቱን እንዲያ አድርገው ሲያሳድጉ ላየ ሰው ጉድ ያሰኛል። ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ የሚያዩት ሣጥኑን ነው። ቆዳ ሲቀይር ልጃቸው ጥርስ እንዳወጣች ያህል ደውለው ይነግሩኛል። ቴሌቪዥኑም ድምፅ አወጣ። እባብ እኮ ጆሮው ይህን ያህል አይሰማም ብላቸው፣ ይልመድ ብለው ነው የመለሱልኝ።

እባቡ አደገ። ቀለሙም ወጣ። ቢጫ መሆን ሲገባው ወደ ብርቱካን አደላ። መስመሩ አለ፣ ግን ፈዟል። ጋሼ ታደሰ ኢንተርኔት ላይ ሲያነብቡ ሰንብተው ነበርና፣ ወርቁ በመጣበት ቀን እባቡን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ወርቁ፣ ቢጫ ነው ያልከኝ እኮ ብርቱካን ሆነብኝ!" አሉ እየሳቁ። "ና እየው፤ ምላሱ ሥሩ ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር። ከዚያም የለ፣ ከዚህም የለ። ዲቃላ ነው ያሸከምከኝ!"

እኔ ሳቅኩ። ጋሼ ታደሰም ከት ብለው ሳቁ። በፍቅር እኮ ነው ያሉት። እባቡ ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ እሳቸው ጭንቅላቱን በአውራ ጣታቸው እያሻሹት ነው ያሉት።

ወርቁ ግን አልሳቀም። ወጥ ቤት ገብቶ እጁን ታጠበ። ብዙ ታጠበ። ወጣና ጃኬቱን አነሣ፤ ሥራ አለብኝ አለ። የእረፍት ቀኑ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያም በሚቀጥለው። ሲደወልለት አያነሣም። ምግብ ቤቱ ሄጄ በጓዳ በር ባስጠራው፣ ኦርደር በዝቶብኛል ብሎ አስመለሰኝ። ጋሼ ታደሰ ግራ ገባቸው። እባቡን አቃለልኩበት መሰለኝ፣ የሰጠኝን ስጦታ ነቀፍኩበት እያሉ ተቆጩ። ስሙ እንጂ፣ በእባብ ቀለም ሰው ይኮረፋል? ቴሌቪዥኑ እንደገና ዝም አለ።

እኔ ብቻዬን የማልችለው ነገር ሲሆን ጋሼ በላይን ጠራኋቸው። ጋሼ በላይ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ናቸው። የተጣላ ሰው ካለ ምሳ አይበላላቸውም። ስለ እባብ ከኦሪት ዘፍጥረት በቀር ያነበቡት ነገር የለም፤ ጉዳዩን ስነግራቸው መጀመሪያ ጣታቸውን ነከሱ። ግን ሽምግልና ከተባለ ወደ ኋላ አይሉም። ሶ፣ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ነገሩን ከሥሩ ልወቀው ብለው አንድ የእንስሳት ሱቅ ገብተው ጠየቁ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከረባት አድርገው፣ ሁለት ቢጫ እባቦች ብርቱካን ልጅ እንዴት ይወልዳሉ ብለው ጠየቁ። መልስም አገኙ። በስልክ ግን አልነግርህም፣ ሁለቱም ባሉበት ነው አሉኝ። ደስታቸው ከድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ወርቁን በስንት ልመና አመጣነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ታደሰ ቤት ተቀመጥን። ሣጥኑ ግድግዳው ጥግ አለ፣ እባቡ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጋሼ በላይ ጀርባቸውን ለእባቡ ላለመስጠት ወንበራቸውን አዙረዋል። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ጋሼ በላይ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ልጆቼ፣ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ወርቁም አላታለለም፣ ታደሰም ስም አላጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት እባብ የወንድ ዘር በሆዷ ይዛ ብዙ ወራት ትቆያለች። የወርቁ ሴት እባብ ስትገዛ ከሌላ ፀንሳ ነው የመጣችው! ወንዱ እባብ አባት መስሎ ተቀመጠ እንጂ አባት አይደለም። አያችሁ? ማን ጥፋተኛ አለ? እናትየዋ ናት!"

እጃቸውን ዘርግተው ፈገግ አሉ። ሳይንስ ነው እኮ። እኔም እፎይ አልኩ። ጋሼ ታደሰም፣ "በል እንግዲህ ወርቁ፣ ጥፋቱ የእናቱ ከሆነ..." ብለው ሊስቁ ጀመሩ።

ወርቁ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጋሼ በላይ፣ ማን ነገረዎት?"

"የሱቁ ሰውዬ ነዋ።"

"ስለ እኔ ነው የምልዎት። ስለ እኔ ማን ነገረዎት?"

እርስ በርሳችን ተያየን። የገባው ሰው አልነበረም። ወርቁም እንዳልገባን አየ። ያኔ ነው ፊቱ የተለወጠው። ምስጢሩ የታወቀበት መስሎት ሸሽቶ የነበረ ሰው፣ ማንም ምንም እንደማያውቅ ሲገባው የሚሆነውን ሆነ። ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም። ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ ነገረን።

እናቱ ያሳደገውን ሰውዬ ስታገባ እሱን ፀንሳ ነበር። ሰውዬው እያወቀ ነው ያገባት። ስሙን ሰጠው፣ አስተማረው፣ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮት አያውቅም። ሠፈሩ ግን ያውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ሲሄድ ያችን ቃል ይሰማል፣ ኳስ ሲጫወት ያችን ቃል ይሰማል። ሰውዬው ሲሞት ሌሎቹ ልጆቹ ቤቱን ሊካፈሉ ሽማግሌ ተቀመጠ። ታላቅየው ተነሥቶ፣ ይህ የአባታችን ልጅ አይደለም፣ ዲቃላ ነው አለ። ሽማግሌዎቹም ለነገሩ መልክ ለማስያዝ ብለው እናቱን እዚያው መሀል አቁመው፣ ስትመጪ ፀንሰሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቋት።

"ቤቱን አልፈለግኩትም ነበር" አለ ወርቁ። "እናቴ ግን መልስ ሰጠች። ቆማ መለሰች።"

ጋሼ በላይ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

ጋሼ ታደሰ ወደ እሱ ጠጋ ብለው፣ "ወርቁ፣ እኔ እኮ እባቡን ነው ያልኩት" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሼ። እርስዎ ያሉት እባቡን ነው። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።"

ተነሥቶ ሁላችንንም ጨበጠን። ጋሼ በላይን ሳይቀር። ከዚያ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ እባቦቹን ላንድ አሜሪካዊ ሰጥቶ ላስ ቬጋስ ሄደ ሲባል ሰማን። ሆቴል ወጥ ቤት ገባ አሉ።

እንግዲህ ሽምግልናችን ይህን መሰለ። ቢያንስ ሳንገባበት በፊት አንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ።

ጋሼ ታደሰ መደወል አላቆሙም። ወርቁ አያነሣም። መልእክት ይተዋሉ፤ ይቅርታ ይላሉ፤ መልስ የለም። አንድ ጊዜ ግን እባቡ ቆዳ ሲቀይር አንዱ ዓይኑ ላይ ሽፋኑ ቀረ። እሳቸውም ደንግጠው፣ ስለ ይቅርታ ምንም ሳያነሡ፣ "ወርቁ፣ ዓይኑ ላይ ቆዳ ቀርቶበታል፣ ምን ላድርግ?" የሚል መልእክት ተዉ። ገና ስልኩን ሳያስቀምጡ ተደወለላቸው።

ወርቁ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። ፎጣ ለብ ባለ ውሃ አርጥበው እባቡን ውስጡ ይተዉት፣ ራሱ ይልጠዋል፣ በጣትዎ እንዳይነኩት አለ። እሳቸው እንደተባሉት አደረጉ። በማግሥቱ ደግሞ ለቀቀ ወይ ብሎ ደወለ። ለቀቀ አሉት። በላ ወይ? በላ። ደህና ይዋሉ። ደህና ዋል።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ይደውል ጀመር። ወሬው እባቡ ብቻ ነው። በላ? በላ። ምን ያህል ረዘመ? ቀለሙስ? አምሮበታል። ስለ ቬጋስ አይነሣም፣ ስለዚያች ቃል አይነሣም፣ ስለ እናቱ አይነሣም። ጋሼ ታደሰ ግን እሑድ እሑድ ጠዋት ፂማቸውን መላጨት ጀመሩ። ለስልክ!

እባቡ የሞተው ብርዱ ሲጀምር ነው። አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ሰነበተ፤ ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ ሳንባው ተመቷል አሉ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ አልሆነም። ጋሼ ታደሰ በእትዬ አልማዝ ነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉት። የአፓርትመንቱ ማኔጀር የማይኖርበትን ሰዓት ጠብቀን ከሕንፃው ጀርባ ካለችው ዛፍ ሥር ቆፈርን። እኔ ቆፈርኩ፣ እሳቸው ቆሙ። እጃቸው ለማማተብ ወደ ግንባራቸው ሄደና እዚያው ቀረ። ለእባብ ይማተባል እንዴ? እኔን አዩኝ። እኔም አላውቅም። እጃቸውን ዝቅ አደረጉና አፈሩን በጫማቸው ደለደሉት።

ደረጃውን ስንወጣ፣ "ለወርቁ እንዳትነግርብኝ" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ?"

"እባቡ ከሞተ ለምን ብሎ ይደውላል?"

እሑድ ተደወለ። በላ ወይ? በላ። ቀለሙስ? አምሮበታል።

እንዲህ ሆኖ ብርዱ ወጣ። የሞተው እባብ በስልክ በላ፣ ረዘመ፣ ቆዳ ቀየረ። አንዳንዴ አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። ስለ ሞተ ልጅ የሚያወራ ሰው አይታችኋል? እንደዚያ ነው፣ ግን እየሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ሣጥኑን አያዩትም፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት።

ከዚያ ወርቁ ለአንድ ሠርግ ኤል ኤ እመጣለሁ፣ እግረ መንገዴንም እባቡን አየዋለሁ አለ።

ጋሼ ታደሰ እኔን ላኩኝ። እንደ ልጅ እጄን ይዘው፣ አንድ እሱን የሚመስል ፈልግልኝ አሉ። የእባብና የእንሽላሊት ኤክስፖ የሚባል ነገር አለ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሣጥን ደርድሮ ይሸጣል። ገባሁ። ቢጫ ሞልቷል፤ ምላሱን አየሁ፣ ጥቁር። ብርቱካን ሞልቷል፤ ምላሱን አየሁ፣ ቀይ። እኔ እኮ ነኝ እንዲህ ጎንበስ ብዬ ምላስ የማየው! በየሣጥኑ ላይ ንጹሕ ዘር፣ እናቱ እገሌ፣ አባቱ እገሌ የሚል ተለጥፏል። አንዱን ነጋዴ፣ በሁለቱ መሀል ያለ የለህም ወይ አልኩት። የተሰረቀ ዕቃ የጠየቅኩት ነው የመሰለው። እኛ እንደዚያ ያለውን አናስገባም፣ ሰው አይፈልገውም አለኝ። እኔ እፈልገዋለሁ አልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። አዳራሹን ዞሬ ጨረስኩ። ንጹሑ እንደ ጉድ ነው፤ የጋሼ ታደሰን የሚመስል አንድም የለም።

ባዶ እጄን ስመለስ ጋሼ ታደሰ ተነሡ። ከአልጋቸው ላይ ብርድ ልብስ አንሥተው ሣጥኑን ሸፈኑት። ቆዳ ሊቀይር ነው፣ ብርሃን አይወድም እላለሁ አሉ።

ወርቁ መጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ሁለቱም ለመላቀቅ የቸኮሉ መሰሉ። ተቀመጠ። ሻይ ቀረበ። ብርድ ልብሱን አየው። ጋሼ ታደሰ ስለ ቆዳው ያሉትን አሉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ወርቁ እሺ አለ። ስለ ሠርጉ አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ። ሻዩን ጨረሰ። እኔ ወንበሬ እሾህ ሆነብኝ።

ሊሄድ ሲነሣ ነው የተናገረው።

"ጋሼ፣ ብርድ ልብሱን አንሥተው ይልበሱት። ቤቱ ይቀዘቅዛል።"

ጋሼ ታደሰ ወደ ብርድ ልብሱ ዞር አሉ።

"ከሞተ ቆየ አይደል?"

"ማን ነገረህ?" አሉና እኔን አዩኝ። ማልኩ።

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። በብርድ ጊዜ እባብ ምግብ ይቀንሳል። የእርስዎ ግን በየሳምንቱ ይበላ ነበር።"

ጋሼ ታደሰ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ "ካወቅክ ታዲያ ለምን ስትደውል ከረምክ?" አሉት።

ወርቁ ጃኬቱን ለበሰ። ዚፑ እምቢ አለው፤ ከዚፑ ጋር ታገለ።

"አምሮበታል ይሉኝ ነበር" አለ። "መስማት ደስ ይለኝ ነበር።"

ከዚያ ወጣ፤ ቬጋስ ተመለሰ። እሑድ እሑድ አሁንም ይደውላል። እባብ ስለሌለ ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ስልኩ ሲጠራ እኔ በረንዳ እወጣለሁ። ይቅርታ መባባላቸውንም አልጠየቅኩም። የተባባሉ አይመስለኝም።

ጋሼ በላይ ግን በሄዱበት ሁሉ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ ይላሉ። በሳይንስ።